ስንተኛ ትውልድ

ከአውቶብስ ተራው በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወጣሁ፤
ላፕቶፖች አፋቸው ተከፍቶ እንደ ዓሣ ተደርድረው አየሁ።
የጆርጅታውን ዝናብ መስኮቱን ይቀጠቅጣል፤
ቴክ ሁዋት ከመሀል ቆሞ «እትዬ፣ የትኛው?» ይላል፤
«ስንተኛ ትውልድ ይሁን?»

እኔ ትውልድ የማውቀው እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው፤
እሱ ግን ጣቱን አጥፎ ከስምንት ጀምሮ ቆጠረው።
«ስምንተኛው ይኸውልዎ፤ ርካሽ ነው፣ ባለ አራት ኮር፤
ለደብዳቤ አያሳፍርም፣ ብዙ ካልጠየቁት በቀር።
አስራ አንደኛው ፈጣን ነው፣ ሥዕል ላይ እጁ ይፈታል፤
አስራ ሦስተኛው ግን እትዬ፣ ሳያዙት ይሮጣል።»

ለኢንሲራ ነው፣ ለልጄ ልጅ። ፖሊቴክኒክ ገብታ
ቤት መንደፍ ይዛለች፣ በስልኳ፣ ሌሊቱን አምሽታ፤
መስታወቱ ተሰንጥቆ፣
የሠራችው ድልድይ ሁሉ ከሁለት ይታያል ተላቅቆ።

የመብራት ደረሰኝ አውጥቼ በጀርባው ዋጋ ጻፍኩ።
ስምንት፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሪንጊት።
አስራ አንድ፦ ሁለት ሺህ አንድ መቶ።
አስራ ሦስት፦ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ።
ይሄኛው ሥጋዬን ጨርሶ አጥንቴን ሊግጥ ነው አልኩ።

«ቆይ፣» አለኝ፣ «ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤
ጅራቱ ላይ ያለችው ፊደል ሳትታይ አይገዛም።
'ዩ' ካለች ቆጣቢ ናት፣ ባትሪው ከጧት እስከ ማታ፤
'ኤች' ካለች ጉልበተኛ፣ ጭን ታቃጥላለች ባንዳፍታ።
ታናሽ ሆኖ ደካማ አለ፣ ታላቅ ሆኖ ብርቱ፤
ዕድሜ አይተው አይፍረዱ፣ ይጠየቅ ጉልበቱ።»

ሳቄ መጣ።
የሆዳቸውን ነገር ለእኔ ሊያስረዳ!

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ባያን ሌፓስ፣ መስመር ሦስት፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ነጭ ቱታ፣ ነጭ ጭምብል፣ ዓይኔ ብቻ እንደነቃ፤
በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብዬ ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ
ስፈትሽ ስጥል ነጋ፣ ደህናው ለብቻ ተሰብስቦ።
ያኔ ትውልድ አንለውም፤ ኮድ ነበረው፣ ቀን ነበረው፤
ታሽጎ በመኪና ሲወጣ፣ የት ትሄዳለህ ብሎ ማን ጠየቀው?

የእኔ ትውልድ ዓይኑን እዚያ ትቶ ወጣ።
የሱላስትሪ መነጽር እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፈረ፤
ካማላ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሳለፏ ቀረ፤
እኔም ይኸው፣ የዋጋውን ዜሮ
ቴክ ሁዋትን ሁለቴ አስነበብኩ።

ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ፣ ወረቀት እንዳይበርበት
አንድ አሮጌ ፕሮሰሰር አለ፣ እንደ ድንጋይ የጫነበት።
«ይሄስ ስንት ነው?»
«ይሄማ ሙት ነው፣ እትዬ።»
አነሳሁት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።
ማሌዥያ ይላል ጀርባው፤ ዓመቱም የእኔ ዓመት ነው።
እግሮቹን በጥፍሬ ቆጠርኩ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ
ሰባተኛዋ ጎብጣለች።
ይቺን ማን አሳለፋት?
በእኔ ፈረቃ አትወጣም ነበር።

አስራ አንደኛውን አስከፈትኩ፣ ባለ 'ኤች' ጅራቱን።
ሦስት የንድፍ ሥራ ባንዴ ጭኖ፣ ይታይ አልኩ ጽናቱን።
ጆሮዬን ከጎኑ ለጥፌ፣ ማራገቢያውን ሰማሁ፤
ጉንፋን እንደያዘው ልጅ ደረት፤ ትንሽ ጮኸ፣ ኋላ ሰከነ።
«ሰማንያ ቀንስ።»
«አልችልም።»
«እንግዲያው ማቀዝቀዣ ጣውላ፣ ቦርሳና… ያቺን ሙት ጨምር።»
«ምን ያደርግልዎታል?»
ምን ብዬ ልንገረው።
ደረሰኙ ላይ «ሮስናህ» ብሎ ጻፈ፣ አንድ ፊደል ሳተ፣ ተውኩት።

አሁን ጀልባው ላይ ነኝ፤ ካርቶኑ በዝናብ ልብሴ ተጠቅልሎ
ጭኔ ላይ፤ እኔ እየራስኩ፣ እሱ ደርቆ፣ ተንደላቅቆ ውሎ።
ስልኬ ጮኸ። ኢንሲራ ናት፦
«አያቴ፣ ገዛሽ? ስንተኛ ትውልድ?»
አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣
አውራ ጣቴ አራተኛው ረድፍ ላይ፣
አምስት፣ ስድስት፣
ቆይ ልጄ፣ ልጨርስና።